ተራው ሲደርስ ምን እናብላ?

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዲት የማኅበራችን እናት ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ጎራ አሉ። አቦሉንና ቶናውን የባጡን የቆጡን ሲያወሩ ጠጡና በረካው ሲቀዳ፣ «ልጄ፣ እኔን ከማኅበሩ መዝገብ ሰርዢኝ» አሉኝ። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ታመው ይሆን፣ ከሰው ተቀያይመው ይሆን ብዬ ጠየቅኩ፤ አይደለም። የወሩ ተረኛ እርሳቸው ናቸው። «ጡረታዬን ታውቂዋለሽ። በባዶ ሞሰብ ደግሞ ሰው አልጠራም» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ይህን ያሉኝ አራስ ሳለሁ ገንፎ ያገነፉልኝ፣ በሰፈሩ ሠርግና ክርስትና ሁሉ ወጥ ሳይቀምሱ የማይቀርብላቸው ሴት ናቸው። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዎች «ሥራ በዛብን» ብለው ከማኅበሩ ወጥተዋል። ያን ጊዜ አምኛቸው ነበር። እኚህ እናት ሲነግሩኝ ግን የበዛባቸው ሥራ እንዳልሆነ ገባኝ።

ኑሮው የት እንደደረሰ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች መንገር አያስፈልገኝም። ዘይቱንም ሽንኩርቱንም የምትገዙት እናንተው ናችሁ። የሚያሳዝነኝ ግን አንዳንዱ ለልጁ ክርስትና ተበድሮ ደግሶ ዓመቱን ሙሉ ሲከፍል፣ ሌላው ደግሞ ጨርሶ በሩን ሲዘጋ ማየት ነው። በመካከል ያለው መንገድ የጠፋን ይመስለኛል። እንግዳ ተቀበለ የሚባለው ዶሮና ጥብስ ያቀረበ ብቻ ነው ብለን ለራሳችን ፈርደናል።

«እስቲ ምን ሊሠሩ አስበው ነው ያልቻሉት?» አልኳቸው። ዘረዘሩልኝ። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ ሥጋ፣ ጥብስ፣ አይብ፣ ለጾመኞች ደግሞ ምስርና ሽሮ፣ ሁለት ሳጥን ለስላሳ። እርሳስ አንሥቼ ዶሮውን ብቻ አሰላሁ። ዶሮ ሲበለት 12 ብልት ነው። የምንጠብቀው 24 ሰው ስለሆነ ሁለት ዶሮ፣ 24 እንቁላል። ሽንኩርቱ ለአንድ ዶሮ ቢያንስ ሁለት ኪሎ ነው። ቅቤው፣ በርበሬው፣ መከለሻው፣ ከዚያም ያን ሁሉ ቁሌት ለሰዓታት የሚያበስለው ከሰል ወይም መብራት አለ። ሰው የዶሮውን ዋጋ ብቻ ይፈራል እንጂ ኪስ የሚያወልቀው ከዶሮው ጋር ድስት ውስጥ የሚገባው ነው። ደግሞም ዶሮ ወጥ ቁጥር ያውቃል። 24 ጠርተው 30 ቢመጣ ስድስት ሰው ብልት ሳይደርሰው ይቀራል፤ ባለቤቷም ምግብ ሳይሆን ሰው ስትቆጥር ትውላለች። ሽሮ ግን ቁጥር አያውቅም።

«ሽሮ?» አሉኝ፤ እንደ ስድብ ነው የሰሙት። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እኚህ እናት ለማኅበር በግ ያርዱ ነበር። ሽሮ ለቤተሰብ ነው፣ ሽሮ ለማክሰኞ ማታ ነው።

ያሸነፍኩት በእኔ ብልሃት ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ነው። ማኅበራችን የማርያም ነው፤ ለሠራተኛው እንዲመች ከ21 ቀጥሎ ባለው እሑድ እንጠጣለን። የጥቅምቱ ደግሞ በጽጌ ጾም መካከል ነው የሚውለው። መስከረም 26 ገብቶ እስከ ኅዳር 5 የሚቆየው ይህ ጾም የፈቃድ ስለሆነ ከመካከላችን እኩሌታው ይጾማል፣ እኩሌታው አይጾምም። ስለዚህ ተረኛዋ ሁለት ድግስ ልትደግስ ነው፣ አንዱን ለጾመኛ አንዱን ለፈሳኪ። «ሁሉም የሚበላው አንድ ድግስ ይሁን» አልኳቸው። ዝም ብለው ሲኒውን አስቀመጡ። ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ቆጠርኩትና መዝገቡን ሳልነካ ቀረሁ።

ቀጥሎ የተከራከርነው በዓይነቱ ብዛት ነው። እርሳቸው በጾም እንኳ ስምንት ዓይነት በያይነቱ ካልሆነ አሉ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ዓይነት ሲበዛ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ድስት የራሱን ሽንኩርት፣ የራሱን ዘይትና የራሱን እሳት ይፈልጋል። በስምንት ድስት የሚንቃቃ ትንሽ ትንሽ ወጥ ከማቅረብ አራት ድስት ሞልቶ የተትረፈረፈ ማቅረብ በዋጋም ይቀላል፣ ለዓይንም ይሞላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጥቅል ጎመን በድንችና በካሮት፣ የአበሻ ጎመን፤ በአራቱ ተስማማን። ስንግ ቃሪያውን ግን «ያለ እርሱ አይሆንም» ስላሉ ጨመርን፤ እውነታቸውን ነው፣ በቃሪያና በትንሽ ሽንኩርት አንድ ትሪ ይደምቃል።

መጠኑን ለሚፈልግ ለ24 ሰው የያዝነው ይኸው። አንድ ኪሎ ሽሮ፤ ውሃው ስድስት ሊትር ያህል ነው፣ እንደ ሽሮው ጠባይ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ኪሎ ክክ ምስር ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት ጋር። ሁለት ትልልቅ ጥቅል ጎመን፣ ሦስት ኪሎ ድንች፣ አንድ ኪሎ ካሮት። ስምንት እስር ጎመን። እንጀራ ለአንድ ሰው ሁለት ብለን 48፣ ለመጣ እንግዳ ደግሞ ስድስት ጨመርን። ብዙ ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ወጡ ርካሽ ሲሆን እንጀራው እንደሚበዛ አትርሱ። ጤፉን ብቻውን መጋገር ያልቻለ ማሽላ ወይም ሩዝ ይቀላቅላል፤ አያሳፍርም፣ ዛሬ ያልቀላቀለ ጥቂት ነው። ነገር ግን የተቀላቀለው እንጀራ ቶሎ ስለሚደርቅ ከድግሱ ሁለት ቀን በፊት አይጋገርም፤ በዋዜማው ይጋገርና በደንብ ተሸፍኖ ይደር።

ዘይቱን የቆጠቡት እርሳቸው ናቸው፤ በዚህ ረገድ እኔ ተማሪ ነኝ። ሽንኩርቱን ከትፈው መጀመሪያ በደረቁ አቁላሉት። ሲይዝ በማንኪያ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ሽንኩርቱ መልኩ እስኪለወጥና ሽታው እስኪጠፋ ታገሡ። ዘይቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ቤት ዘይቱ ገና ከመጀመሪያው ይንቆረቆራል፤ ሽንኩርቱ ይጠጣውና መጨረሻ ላይ ወጡ የደረቀ ስለሚመስለኝ እንደገና እጨምራለሁ። ድንቹንና ካሮቱንም በዘይት ከማብሰል ቀድመው ቀቀል አደረጉት፤ እንዲያ ሲሆን ትንሽ ቁሌት ይበቃዋል። ሽሮው የራሳቸው ነው፣ ሽምብራውንና አተሩን ገዝተው፣ ቆልተው፣ ከቅመሙ ጋር አስፈጭተውታል። ጊዜው ያላችሁ አያቶች ይህን አትተዉት። የታሸገ ከመግዛት ይረክሳል፤ ጣዕሙን እንኳ ተዉት፣ አይወዳደርም።

አትክልቱን ከእሑድ ገበያ ገዛን። ሳህኑንና ትልልቁን ድስት ከእድራችን ተዋስን፤ የእድር ዕቃ ለለቅሶ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፣ ጠይቁ። ለስላሳውን ሙሉ በሙሉ ሰረዝነው። ዳቦና ጠላ የማኅበር ወግ ስለሆነ ከሦስት ኪሎ ዱቄት አንድ ድፎ ዳቦ ተደፋ፣ ጠላውንም ጠመቁ፣ ጠላ ለማይጠጣው ደግሞ ቀሪቦ ተዘጋጀ። ለቡና ቁርስ ንፍሮ ይሁን ብዬ ነበር፤ «ንፍሮማ የለቅሶ ነው» ብለው ተቆጡኝ። እኔ ስንዴና ሽምብራ የተቀላቀለበት ንፍሮ በማንኛውም ቀን ያምረኛል፤ ነገር ግን በሰው ቤት የሰውን ልማድ ማክበር ነውና ቆሎና ፈንዲሻ ሆነ።

ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ። እሑድ ከቅዳሴ እስክንመለስም አልመጣም። ግማሹን በከሰል፣ ግማሹን ጎረቤት ጋዝ ምድጃ ላይ አበሰልን። ሽሮውን የሚያማስለው እጅ የእኔ ነበር። በር ሲንኳኳ ልከፍት ወጣሁ፤ የመጡትን ሰላም ብዬ፣ ወንበር ሰጥቼ፣ የአንዷን የልጅ ልጅ ስሜ ስመለስ የማረር ሽታ ተቀበለኝ። ደንግጬ ማማሰያውን ወደ ድስቱ ሥር ልሰድ ስል፣ «አትንኪው!» ብለው ጮኹብኝ። ከላይ ያለውን በጭልፋ ቀስ ብለው ወደ ሌላ ድስት ገለበጡት፤ ሥሩን ግን አልፋቁም፣ አላማሰሉም። የቀዳነውን ሲቀምሱት ጤነኛ ነው። ያረረው ሥሩ ላይ እንዳለ ቀረ፣ የጎደለውን በፈላ ውሃና በጥቂት ሽሮ ሞሉት። ቢማሰል ኖሮ ስድስቱም ሊትር ማረር ማረር ይል ነበር። ትልቅ ድስት ሽሮ ጥላችሁ በር ልትከፍቱ አትሂዱ፤ ልጅ ላኩ።

24 ብለን 29 ሰው መጣ። ሁለቱ ማንም ያልጠበቃቸው ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዶች ናቸው። ማንም ሰው አልቆጠረም።

አቀራረቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። አሁን አሁን በየቤቱ ቡፌ ሆኗል፤ ሰው ሰልፍ ይዞ ሳህኑን ይሞላል፣ ግማሹን ያስተርፋል፣ የተረፈው ደግሞ የሰው ሳህን ነውና ይደፋል። እኛ በትሪ ነው ያቀረብነው፣ ለስድስት ሰው አንድ ትሪ። ሲያልቅ ይጨመራል። ጭልፋው በባለቤቷ እጅ ስለሆነ ከድስት የወጣው ሁሉ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ያልወጣው ንጹሕ ሆኖ ይተርፋል። ደግሞ አልጫው ብልህነት ነበር፤ ጨጓራ ያለባቸው ሽማግሌዎችና በርበሬ ያልለመዱ ሕፃናት ቢያንስ አንድ ለእነርሱ የሚሆን አገኙ። በርበሬ በበዛበት ድግስ ልጆች ደረቅ እንጀራ ሲያኝኩ የሚውሉት አልጫ የሚያስብ ሰው ስለሚጠፋ ነው።

ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ፣ ትሪው ቀረበ፣ ሰው ሁሉ እጁን ሰደደ። ያን ጊዜ ነው አንዷ የማኅበራችን አባል፣ ቀልድ ባልሆነ ቀልድ፣ «ጾሙን ላልያዝነውስ ምን ተሠራ?» ያለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እማማ ግን ድስቱን እንደያዙ መጡና፣ «ለእናንተማ ያው ሽሮ ነው፤ ግን ሁለት ጭልፋ» ብለው ፊት ለፊቷ ደፉላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እርሷም ሳቀች፣ በላችም። ሦስት ጊዜ ያስጨመረችው እርሷ ናት። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ያን ቀን ግን ፊቱም ፍትፍቱም አንድ ላይ ነበር።

ያላሰብኩት ሌላ ነገርም አየሁ። ከአጥራቸው ጀርባ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታቸው በየማኅበሩ ይጠራሉ፤ ግን ሁልጊዜ ቡና ጠጥተው ነው የሚሄዱት፣ ሥጋው የክርስቲያን ስለሆነ። አቅሙ ያለው በሠርግ ጊዜ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ያሳርዳል፣ ድስቱንም ዕቃውንም ይለያል። ጡረተኛ ግን ይህን ከየት ያመጣዋል? በዚያ እሑድ ጎረቤቲቱ ከሴቶቹ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ። በርበሬውን ማን እንዳዘጋጀው ጠይቀው፣ በሰማያዊ ጆግ የተቀመጠውን ቀሪቦ ጠጥተው፣ እስከ ቡናው ፍጻሜ ተቀመጡ። እንግዶቻችሁ የተለያየ እምነት ካላቸው ከጾም ምግብ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ፍስክ የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ለፋሲካ መቼም ሽሮ አብሉ አልልም። ያን ጊዜ ሥጋውን ብቻውን አታቁሙት። አንድ ኪሎ ሥጋ ጥብስ ሆኖ ቢወጣ ለአምስት ስድስት ሰው ነው፤ ደቆ ምንቸት አብሽ ከሆነ ግን ቁሌቱ ያበዛዋል፣ እንጀራው ይጠጣዋል፣ ከእጥፍ በላይ ሰው ያዳርሳል። ከዚያም የሚረክሰው ቦዘና ሽሮ ነው። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ደቅቆ ወይም ጥቂት ቋንጣ ተሰባብሮ ይገባና ያ ሁሉ ድስት ፍስክ ፍስክ ይላል። ጎመን በአይብ ከጎኑ ሲቀርብ ማንም ጎደለ አይልም። ዶሮውን ግን ለቤተሰብ ብቻ አድርጉት፤ ሰው ሲያንስ ይጣፍጣል።

ማታ ሰው ሲበተን ዕቃ ሳጥብ እማማ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ይህ ቤት እንዲህ ሞልቶ አያውቅም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኩም። የተረፈውን ምስርና ጎመን ከትልቁ ድስት አውጥተን ሰፋፊ ሳህን ላይ አበረድነው፤ ትልቅ ድስት ውስጥ እንደተከደነ ያደረ ወጥ መሃሉ ሳይበርድ ይቆይና ሲነጋ ይሻግታል፣ ለልጅና ለሽማግሌ ሆድ ደግሞ አይሆንም። ከበረደ በኋላ ማቀዝቀዣ ላለው ጎረቤት ሰጠን። የተረፉት ሰባት እንጀራዎች ደግሞ ተቆራርጠው ፀሐይ ላይ ወጡ፤ ድርቆሽ ሆነው ግማሹ እኔ ቤት ደርሷል፣ ልጆቼም ጠዋት በፍርፍር እየጨረሱት ነው።

ከመለያየታችን በፊት፣ ከእንግዲህ ተረኛው ከሁለት ዓይነት ወጥ በላይ እንዳያቀርብ፣ ለስላሳም እንዲቀር በማኅበር ደረጃ እንወስን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደገፉት። አንድ አባት ግን፣ «አቅም ያለውን ለምን ትከለክሉታላችሁ? ለማርያም ብሎ ቢያርድስ?» ብለው ተቃወሙ። እኔ እንዲያውም ወሰኑ መኖር አለበት ባይ ነኝ፤ አቅም ያለው ባረደ ቁጥር አቅም የሌለው ከመዝገቡ ሰርዙኝ ይላልና። ነገር ግን ጊዜው መሸ፣ ክርክሩም ጦፈ፣ ውሳኔው ለኅዳር ተቀጠረ። ጽዋውን የተቀበለችው የኅዳር ተረኛ ደግሞ እኔ ነኝ። ኅዳር 21 የነቢያት ጾም ከገባ ስድስት ቀን ያልፈዋል፤ ስለዚህ እኔ ቤት ስለ ዶሮ የሚከራከር አይኖርም። እማማ ከዋዜማው ጀምረው እንደሚመጡና ሽሮውን እንደማያስነኩኝ ከወዲሁ አስታውቀውኛል።